ሊቀ ጠገራ ተክሌና የሮማው ማሰሮ

ነገር ሁሉ አገሩ የት እንደሆነ ካላወቀ ምግብ የማይረጋለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ቅቤ ቢያሸት ላሚቱ የጋጠችበትን መስክ ይናገራል። በግ ቢያይ የወረደችበትን ዳገት ይጠራል። እንግዳ ሰው መንገድ ላይ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል፣ ከሰላምታው ውስጥ አያቱን ጎትቶ ያወጣል። ቢሳሳትም የሚያርመው የለም፤ ላሚቱን ሄዶ የሚጠይቅ ማን አለ?

የሸዋ ሮቢቱ ግን አይሳሳቱም ነበር። መከራውም እዚህ ላይ ነው።

ስማቸው አቶ ተክሌ ነው። ገበያው ግን «ሊቀ ጠገራ» ብሎ ሾሟቸዋል፤ ያለ ካባ፣ ያለ ነጋሪት። ጣሊያን ሮቢት በገባበት ዘመን አምሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ዘለግ ያሉ ሰው ነበሩ። የቆላው ሐሩር ሰውን ሁሉ እጀ ጠባቡን ሲያስወልቀው፣ እሳቸው እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከፀሐይ ጋር ክስ ያላቸው ይመስል ቀጥ ብለው ይሄዳሉ።

ትርንጎ ጎረቤታቸው ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ለሾፌርና ለነጋዴ ወጥና ጠላ የምትሸጥ፣ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነች ሴት። የሊቀ ጠገራ የኪራይ ጎጆ ከጓሮዋ ጋር አጥር ይጋራል። ስለዚህ ከሮቢት ሰው ሁሉ ይልቅ ዕውቀታቸው የሚያርፈው በእሷ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ያዋረዷት በቅቤ ነው። ትርንጎ ለሾፌሮቹ «የመንዝ ቅቤ ነው» እያለች ወጧን ታሞግሳለች። አንድ ቀን ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ሊቀ ጠገራ ገብተው ተቀመጡ፤ ሳህኑን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ትርንጎ፣ ይኼ ቅቤ የደጋውን በር፣ ጣርማ በርን፣ አይቶ አያውቅም» አሉ።

«ኧረ ጋሼ! ከመንዝ ሴት ነው የገዛሁት!»

«ሴቲቱ የመንዝ ልትሆን ትችላለች። ቅቤው ግን የዚሁ የቆላው፣ የቀወት ነው። ላሚቱ የማሽላ አገዳ በልታለች፤ መንዝ ደግሞ ማሽላ የለም።»

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳምንት ሙሉ የትርንጎ ቤት «አገዳ ቤት» ተባለ። ትርንጎ ዕድሜ ልኳን ላታናግራቸው ማለች። መሐላዋ እስከ ዓርብ ቆየ፤ ዓርብ ዕለት አጥር ተደግፈው የበርበሬዋን አገር ሊነግሯት መጡ።

ከአጣዬ ማር ይዛ የምትወርደው ሩቂያም አላመለጠቻቸውም። «የአጣዬ ማር!» ብላ ስትጣራ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና፣ «አጣዬ አድሯል፤ አልተወለደባትም» አሏት። ሩቂያ «ወላሂ!» ብላ ጮኸች። ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏን አፋጠጠችው፤ እሱም ማሩን ከአዋሽ በኩል ከመጣ ነጋዴ መግዛቱን አመነ። በቀጣዩ ገበያ ሩቂያ ለሊቀ ጠገራ አንድ ዋንጫ ማር አመጣችላቸው። ማሩ ስለምን እንደተሰጣቸው ግን ፈጽሞ አልገባቸውም።

የሠርጉ ግን የባሰ ነበር። ሙሽራው የገዛ በቅሎዬ ናት ብሎ ባማረች በቅሎ ላይ ተኮፍሶ ሲመጣ፣ ሊቀ ጠገራ ከዕድምተኛው መካከል ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ይቺ በቅሎ ባለፈው እሑድ ደብረ ሲና ሌላ ሙሽራ አውርዳለች» አሉ። ኮቴዋ ሥር የቀረውን የደጋ ጭቃና ከልጓሟ ያልወለቀውን የሌላ ሠርግ ጌጥ አይተው ነው። የሙሽሪት አባት ዱላቸውን አነሡ፤ ሽማግሌ ገባ፤ ሠርጉ እስከ ማምሻው ቆመ። ተጋቢዎቹ በኋላ አምስት ልጅ ወለዱ፤ ያች በቅሎ ግን እስከ ዛሬ በቤታቸው አትነሣም።

ሰው ያልደበደባቸው ለምን እንደሆነ ትርንጎ ብዙ ጊዜ አስባበታለች። በኋላ የደረሰችበት ይኼ ነው፤ በሰውዬው ውስጥ ክፋት የለም። ተናግረው ሲጨርሱ ፊታቸው በርቶ ዙሪያቸውን ያያሉ፤ ስጦታ የሰጡ ይመስላቸዋል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የትርፍ ሥራቸው ነው። ማዕረጋቸው የተገኘው በጠገራ ብር ነው።

ጠገራ ብር፣ ያች ወፍራም እመቤት ያለችበት ማርትሬዛ፣ ለሌላው ሰው ሁሉ አንድ ናት። እመቤቲቱ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ብሯን ግን በብዙ አገር ይመቷታል፤ ፊቱም ያው፣ የተጻፈበትም ዓመት ያው። ሊቀ ጠገራ በወጣትነታቸው ከሐረርጌ እስከ ወሎ ከሚነግዱ ሲራራ ነጋዴዎች ጋር ሠላሳ ዓመት የኖሩት ብር መራጭ ሆነው ነው። ብሯን ይቀበሏችሁና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። አውራ ጣታቸውን በጠርዟ ላይ ያዞራሉ። ከዚያ የራሷን ዕንቁዎች፣ ከዚያ የትከሻዋን ጌጥ፣ ከዚያ ገልብጠው የወፉን የጅራት ላባ ይዳስሳሉ። መጀመሪያ በተመታችበት አገር የተመታች ከሆነች «የቤት ልጅ ናት» ይላሉ። ከሌላ አገር ከሆነች «የእንጀራ ልጅ ናት» ብለው የእንጀራ እናቷን አገር ይጨምራሉ። ነጋዴ ሁሉ ይህን ፍርድ ሳይሰማ ከረጢቱን አይቋጥርም ነበር።

ከካፒቴኑ ጋር ያገናኛቸውም ይኸው ነው።

ካፒቴኑ የሮቢት የጣሊያን ሹም ነበር። ጠጉሩ የሸሸ፣ ወባ ያመነመነው፣ ሲቆጣ የሚያስፈራ፣ ሳይቆጣ ደግሞ አገሩ የናፈቀው የሚመስል ሰው። አንድ ቀን ትርንጎ ቤት ደጃፍ ላይ ከታናሽ ወንድሟ ከደሳለኝ ፍየል ገዛና አንዲት የምታብረቀርቅ ማርትሬዛ ሰጠው። ደሳለኝ በሮቢ ወንዝ ዳር ማሽላ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ብር ሲያይ ልቡ አይረጋም። ካፒቴኑ ገና ከደጅ ሳይንቀሳቀስ ደሳለኝ ብሯን ይዞ ወደ ቤት ገባና ለሊቀ ጠገራ ዘረጋላቸው።

አውራ ጣታቸው ጠርዟን አንድ ዙር አልጨረሰም።

«የእንጀራ ልጅ ናት» አሉ ጮክ ብለው። «ሮማ ነው የተመታች፤ ገና ከእሳት መውጣቷ ነው።»

ሾፌሮቹ ቀስ እያሉ ወደ ጓሮው በር ተጠጉ። ያን ጊዜ ሰው በጥርጣሬ ብቻ የሚሰቀልበት ጊዜ ነበር። ካፒቴኑ ወደ አስተርጓሚው ወደ አብዱልመጂድ ዞረ። አብዱልመጂድ የይፋት ልጅ ነው፤ ጣሊያንኛውን ወደብ ላይ ሲሠራ የለቀመ፣ ጨዋና ፈሪ ወጣት። ባጭሩ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ብለህ ነገርኸው?» አሉ ሊቀ ጠገራ።

«ብሯ ቆንጆ ናት ይላሉ ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«እንደሱ አላልሁም! የእንጀራ ልጅ ናት ነው ያልሁት። ንገረው!»

አብዱልመጂድ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ነገረው። ካፒቴኑ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ በሳቅ ተንከተከተ። ብሯን ተቀበለና ለደሳለኝ ሌላ አሮጌ ሰጠው። ሊቀ ጠገራ አሮጌዪቱን ዳስሰው፣ «እቺ የቤት ልጅ ናት» ሲሉ፣ የጣሊያን መንግሥት ሹም ቁጭ ብሎ ራሱን በግርምት ነቀነቀ።

በነጋታው አንድ ሣጥን ታቅፎ መጣ።

ሣጥኑ ውስጡ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ አሥራ አራት ትናንሽ ጎድጓዳ ያለበት ነበር። በየጎድጓዳው አንድ አንድ የመዳብ ሳንቲም ተኝቷል፤ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ የጥንት የሮማ ነገሥታት ፊት ያለባቸው። ካፒቴኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰበስባቸው ኖሯል። ደስታው አንድ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዷ የተመታችበትን ከተማ ማወቅ። በሳንቲሟ ጀርባ፣ ከሥዕሉ በታች አንዲት መስመር አለች፤ ከመስመሯ በታች ደግሞ ጥቃቅን ፊደላት። የከተማዋን ስም የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ሊቀ ጠገራ ዳዊት ደጋሚ ናቸው እንጂ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም። ቢሆንም ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም። ፊደላቱን በመልካቸው ጠሯቸው። የግብፅ እስክንድርያ «ጎጆ፣ ማጭድና ማበጠሪያ» ሆነች። በሰሜን ያለች አንዲት ሩቅ ከተማ «ሁለት እባብ፣ መካከላቸው ዱላ» ተባለች። ትርንጎ ወጥ እያማሰለች ትሰማለች፤ ሁለት ሽበታም ሰዎች በቀትር ፀሐይ አንገት ለአንገት ገጥመው፣ አንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ስለ ጎጆና ስለ እባብ ይከራከራሉ። አብዱልመጂድ አንዳንዴ ማስተርጎሙን ትቶ ይተኛል። ያኔም ይግባባሉ።

አንድ ቀን ካፒቴኑ ፊደላቱን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ የንጉሡን ፊት ብቻ አሳያቸው። ሊቀ ጠገራ አቀርቅረው አዩ።

«እስክንድርያ» አሉ። «የዚያ አገር ቀራጺ ዐይን ሲሠራ ያፈጥጣል። ሌሎቹ እንዲህ አያፈጥጡም።»

ካፒቴኑ ጣቱን አነሣ። ጎጆ፣ ማጭድ፣ ማበጠሪያ። ሌላ ሸፈነ። አሁንም አገኙት። አሥራ አራቱንም ሸፈነ፤ አሥራ አራቱንም አገኙ። ካፒቴኑ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ትርንጎ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቅቤዋን ያዋረዱ ሰውዬ መሆናቸውን ለአፍታ ረስታ፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ኩራት የሚመስል ነገር ተንቀሳቀሰ።

ኩራቱ ግን ብዙ አልቆየም። ገበያው ማንሾካሾክ ጀመረ። አንድ ማለዳ አጥሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ሰው እያማዎት ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ሊቀ ጠገራ ባንዳ ሆኑ ብሎ።»

«እኔ የማየው ሳንቲሙን ነው፣ ትርንጎ።»

«ሳንቲሙን የያዘውን እጅስ? እሱን አያዩም?»

ሊቀ ጠገራ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ወደ ገበያው ሄዱ።

ጥቅምት ገባ። በሮቢ ዳር ማሽላው ራስ አውጥቶ ወፍ ማባረር ተጀምሮ ነበር። አንድ ቀን የካፒቴኑ ቆፋሪዎች ከደሳለኝ ማሳ አጠገብ አንድ ማሰሮ አወጡ ተባለ። ማሰሮው ውስጥ የሮማ ሳንቲም ተገኘ። ማግስቱን በገበያው መካከል ጥሩምባ ተነፋ፤ አዋጅም ተነገረ። ሮማውያን በጥንት ዘመን እዚህ ሠፍረው ኖረዋል፤ ስለዚህ ከወንዙ እስከ ትልቁ የሮቃ ዛፍ ያለው መሬት የሮማ ርስት ነው፤ አሥራ አንዱ አባወራ ኅዳር ሳይገባ ይልቀቅ።

ማሽላው በኅዳር ነው የሚደርሰው።

ትርንጎ እውነቱን ከአብዱልመጂድ ሰማች። ለጥጥ እርሻ የሚሆን መሬት ለጣሊያን ሠፋሪዎች ተፈልጓል፤ ካፒቴኑ ያን መሬት ካስገኘ ወደ ናፈቀው አገሩ በሹመት ይመለሳል። ነጥቆ መውሰድ ይችል ነበር፤ ግን በጫካ ያሉትን አርበኞች ፈራ፤ የሚታይ ምክንያት ቢኖረው መረጠ። ደሳለኝ ማሳው ዳር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ አልተነሣም። ጎረምሶቹ ጠመንጃ ስለመፈለግ ይማከሩ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጠመንጃ የተኮሰ መንደር ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ በዚያው ዓመት ሲቃጠል ያዩት መንደር ነበር።

ሊቀ ጠገራ ሁለት ቀን ከጎጆአቸው አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ካፒቴኑ ራሱ ከአብዱልመጂድ ጋር መጣ። ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ነገ ከአዲስ አበባ ማሰሮውን የሚመረምር ታላቅ ፕሮፌሰር ይመጣል፣ አላቸው ካፒቴኑ። ሊቀ ጠገራ ይቅረቡና፣ «አባቶቻችንም እዚህ መሬት ውስጥ እንዲህ ያለ ሳንቲም ያገኙ ነበር» ይበሉ። ያን ብቻ። ከነገ ወዲያ የገበያው ሹም ይሆናሉ።

«እሺ» አሉ ሊቀ ጠገራ። «እመጣለሁ። የማውቀውን እናገራለሁ።»

ካፒቴኑ እንደሄደ ትርንጎ አጥሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ያንን ማሽላ ያስዘራሁት እኔ ነኝ፤ ዘሩን ለወንድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ!» አለች። «ሊሸጡት ነው? ለሹመት?»

«ትርንጎ…»

«አይጥሩኝ! ከዛሬ ጀምሮ ስሜን አይጥሩት!»

በነጋታው ከሮቃው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ወታደሮች ዙሪያውን ቆመው፣ አሥራ አንዱ አባወራ ራቅ ብሎ ተሰብስቦ፣ ፕሮፌሰሩ ትሬንታ ኳትሮ ከሚሉት የጭነት መኪና ወረደ። አቧራ የለበሰ፣ መነጽራም፣ በሙቀቱ የተዳከመ ሽማግሌ ነው። ትርንጎ ለእንግዳ ምግብ አምጪ ተብላ ስለታዘዘች ሞሰቧን ይዛ ከዛፉ ግንድ አጠገብ ቆመች። መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ካፒቴኑ ማሰሮውን ገለበጠ። ጭቃ የለበሱ ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ሊቀ ጠገራን አስተዋወቀ፤ ይህ ያገሩ ሰው ገንዘብ ዐዋቂ ነው፣ ይናገር ብሎ።

ሊቀ ጠገራ ቀረቡ። ለፕሮፌሰሩ እጅ ነሡና በእጅ ለመንካት ፈቃድ ጠየቁ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ ዘረጉት። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ አነሡ፤ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በነጠላው ላይ በመስመር ደረደሯቸው። አሥራ አራት። የዛፉ ጥላ ከእግራቸው ወደ ጠረጴዛው እግር ሸሸ።

ቀና ሲሉ ካፒቴኑን አላዩትም። አብዱልመጂድን ነው ያዩት።

«አብዱልመጂድ፣ ልጄ፣ ዛሬ ቃሌን ሳትቀንስ ሳትጨምር አድርስልኝ» አሉት።

አብዱልመጂድ ቀረብ አለ። «እሺ፣ ጋሼ» አለ።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ከረጢት ስፈታ ኖሬያለሁ» አሉ ሊቀ ጠገራ። «የነጋዴ ከረጢት አፍ አለው። ባለቤቱ የመጣበትን መንገድ ይናገራል። በታጁራ የመጣ ከሆነ አንድ ዓይነት ብር ይበዛበታል፤ በምጽዋ የመጣ ከሆነ ሌላ ዓይነት። መቼም ቢሆን በአንድ አገር የተመታ ወንድማማች አይጠፋበትም። መንገደኛ ገንዘብ አይመርጥም፤ የሰጡትን ይይዛል። ገንዘብም እንደ ሰው ነው፤ በስደት ያገሩን ልጅ ተከትሎ ነው የሚሄድ።»

አብዱልመጂድ ተረጎመ። ፕሮፌሰሩ ወንበሩን ወደ ነጠላው ሳበ።

«እዚህ አሥራ አራት ሳንቲም አለ። አሥራ አራት አገር ነው። ከየአገሩ አንድ፣ አንድ፤ ወንድም ያለው የለም። ከሮማ ወደኛ የሚመጣ መንገደኛ በግብፅ ነው የሚያልፍ፤ ስለዚህ መብዛት የነበረበት የእስክንድርያው ነበር። እሱም ይኸው፣ አንድ ነው።» አውራ ጣታቸው ያፈጠጠ ዐይን ባላት ሳንቲም ላይ አረፈ። «እነዚህን የሰበሰበ ሰው መንገደኛ አይደለም፣ ሠፋሪም አይደለም። የሚወድ ሰው ነው። ከየአገሩ አንዷን፣ ቆንጆዋን መርጦ፣ ዘመኑን ሙሉ ደክሞ ያኖራት ሰው ነው። በማሰሮ አድርጎ ጭቃ ውስጥ የቀበራቸው እሱ ራሱ ከሆነ፣ እኔ አዝንለታለሁ።»

አብዱልመጂድ እስከ መጨረሻዋ ቃል አደረሰ። አንዲት አልቀነሰም።

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። አንዷን ሳንቲም አንሥቶ በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት። ከጭቃው ሥር ሰም ወጣ፤ ሰብሳቢዎች ሳንቲም እንዳይበላሽ የሚቀቡት ሰም። ወደ ካፒቴኑ ዞሮ በዝግታ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ካፒቴኑ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ፕሮፌሰሩ «ባስታ»፣ በቃ፣ አለና ሳንቲሞቹን ከነጠላው ላይ አንሥቶ በካፒቴኑ መዳፍ ውስጥ አኖራቸው። ምሳ ሳይበላ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ትርንጎ የሞሰቡን ክዳን እንደያዘች ቀርታ ነበር። ሊቀ ጠገራ ነጠላቸውን አራግፈው ለበሱና በአጠገቧ አለፉ። ስሟን አልጠሩም፤ አይጥሩኝ ብላቸዋለችና። እሷም ክዳኑን ሞሰቡ ላይ መለሰች።

በሳምንቱ በመሬቱ ዙሪያ የተተከሉት የወሰን ችካሎች ተነቀሉ። ፕሮፌሰሩ ምን እንደጻፈ ያወቀ የለም፤ አዋጁን ግን ዳግም የጠራው የለም። በዚያው ሳምንት ሊቀ ጠገራ ታሰሩ። ወደ ጣርማ በር ከመወሰዳቸው በፊት ካፒቴኑ ከአብዱልመጂድ ጋር ወደ እስር ቤቱ መጣ።

«ለምን?» አላቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

«ጌታዬ፣ አስተምረውኝ ነበር» አሉ ሊቀ ጠገራ። «በደንብ ነው የተማርሁ።»

ካፒቴኑ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበ። ሊመታቸው ነው ብሎ አብዱልመጂድ ዐይኑን ጨፈነ። ሲከፍት ካፒቴኑ ሄዶ ነበር። ፍርዱ ግን አልተለወጠም፤ በጣርማ በር መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሰባሪ ሆኑ።

ጣርማ በር ለቆላ ሰው መቃብር ነው። ጉሙ አጥንት ይገባል። ትርንጎ በሳምንት አንድ ቀን ቤቷን ዘግታ፣ ሾፌር ለምና፣ በሶና ድርቆሽ ይዛ ትወጣለች። መጀመሪያ የሄደች ቀን ጋቢ ወሰደችላቸው። እጃቸው ቆስሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጋቢውን ተቀብለው በጉንጫቸው ዳሰሱት።

«ጥጡ የአዋሽ ነው» አሉ። «ፈታዪዋ ግን ግራ እጇን ነው የምትጠቀም።»

ትርንጎ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ገደሉን እያየች።

«ምን በድለሽኝ?»

«ለሹመት ይሸጡናል ብዬ ነበር።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ። «ሁለት ቀን ከጎጆ ያልወጣሁት ለዚያ አይደል? ያን ሣጥን እወደው ነበር፣ ትርንጎ። እንደዚያ ሳንቲም የሚያይ ሰው ዳግመኛ አላገኝም ብዬ ነበር።» ከዚያ መዶሻቸውን አነሡ፤ ዘቡ እየጮኸባቸው ነበር።

ክረምት አለፈ። ካፒቴኑ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ወደ አገሩ አልነበረም። በምትኩ የመጣው ሹም እስረኞቹን ሲያይ በሽማግሌው ላይ የተጻፈ ነገር ስላላገኘ ለቀቃቸው። ሊቀ ጠገራ በአንድ የእህል መኪና ላይ ተጭነው ሮቢት ወረዱ። አሥራ አንዱ አባወራ ከነሚስት ከነልጁ መንገድ ዳር ወጥቶ እልልታውን ሲለቀው፣ እሳቸው የሚታጀበው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።

ባለርስቶቹ ተመካክረው ነበር። በማግስቱ ወደ ወንዙ ዳር ወሰዷቸው። ከደሳለኝ ማሳ ቀጥሎ ያለችውን ቁራሽ መሬት፣ ውሃ የማይርቃትን፣ ከየድርሻቸው ቀንሰው ሊሰጧቸው ነው። ሽማግሌው አባ ደስታ ቀላዱን፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ይዘው ቆሙ። ቀላድ ሲጣል የባለመሬቱን አባትና አገር መጥራት ደንብ ነው።

«እንግዲህ ተክሌ፣ የአባትዎ አገር ወዴት ነው? ከማን ወገን ነዎት?» አሉ አባ ደስታ።

ሊቀ ጠገራ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ትርንጎ ድንገት አንድ ነገር ገባት። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ሰው ማንም፣ እሷም ጭምር፣ አንድም ቀን አልጠየቃቸውም።

«አላውቅም፣ አባ» አሉ በመጨረሻ፤ ለራሳቸው እንጂ ለሰው የሚያወሩ አይመስሉም ነበር። «ነጋዴዎች ናቸው ያገኙኝ ይላሉ፤ ከአዋሽ ማዶ፣ መንገድ ዳር። ምናልባት አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዘመኑ ክፉ ቀን ነበር፤ የሞተውም የተሰደደውም ብዙ ነው። ስሜንም እነሱ ናቸው ያወጡልኝ። ብዙ ጠየቅሁ። በሄድሁበት ሁሉ ጠየቅሁ።»

አባ ደስታ ቀላዱን በእጃቸው ላይ አገላበጡት፤ ደንቡ እዚህ ላይ ምን እንደሚል አላወቁም። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አባ ደስታ፣ ፀሐዩ ጠንክሯል» አለች ትርንጎ። «ምን ያስቆማል? እዚህ መሬት ላይ ማሽላ የተበላው በማን ምክንያት ነው? እኔ ቆሜ እመሰክራለሁ፤ የእኛ ናቸው። ይጣል ቀላዱ።»

አባ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከወንዙ ማዶ እስኪሰማ ድረስ ተጣሩ። «በዚህ በኩል ደሳለኝ! በዚያ በኩል ሮቢ ወንዝ! መካከሉ የተክሌ፣ የሮቢት ልጅ!»

ቀላዱ በአየር ላይ ተዘረጋና መሬቱ ላይ አረፈ። ደሳለኝ አንዱን ጫፍ ይዞ ሮጠ። ሌላውን ጫፍ ማንም ሳያዛቸው ሊቀ ጠገራ ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ልኬቱ አልቆ ሰዎቹ ልቀቁት እስኪሏቸው ድረስም አልለቀቁትም። ያን ዕለት የምንንም ነገር አገር አልጠሩም። ትርንጎም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየች።